ኮረንቲ ወይስ መድኃኒት? የልብ ምት ድንገት ሲዛባ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ «ልቤ ድው ድው ይልብኛል» ያለ ሰው ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ቡና ቀንስ» ነው። ይቀንስ። ግን ምቱ ወጥነት ካጣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኞቹ የልብ ክፍሎች የሚርገበገቡበት የምት መዛባት) ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሳ።

ትልቁ ስህተት የጀመረበትን ሰዓት አለመያዝ ነው። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በደንብ ሳይኮማተሩ ሲርገበገቡ ደም እዚያው ይተኛና ይረጋል። ምቱ ሲስተካከል፣ ሐኪም ደረት ላይ በሚሰጠው ኮረንቲም ይሁን በመድኃኒት፣ የረጋው ደም ተነስቶ ጭንቅላት ሊገባ ይችላል። ያ ስትሮክ ነው። ምቱን ወዲያው ለማስተካከል ለዓመታት ድንበሩ ከጀመረ 48 ሰዓት ነበር፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 24 አወረደው። ጊዜው ካለፈ ወይም ካልታወቀ ቢያንስ 3 ሳምንት የደም ማቅጠኛ መውሰድ፣ አለዚያም በጉሮሮ በሚገባ ኢኮ መታየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐኪሙን «ሰሞኑን ነው» አይበሉት። «እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጀመረኝ» ይበሉት።

ሌላው ኮረንቲውን ፈርቶ መድኃኒቱን ማመን ነው። ኮረንቲው ባዶ ሆድ ላይ፣ በማደንዘዣ፣ ከልብ ምት ጋር ተገጣጥሞ በቅጽበት ይሰጣል። ምት የሚያስተካክለው መድኃኒት አሚዮዳሮን ግን ሰዓታት ሊፈጅ፣ የደም ግፊትም ሊያወርድ ይችላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ሁለቱን መንገዶች አነጻጽሮ ነበር። ፕሮካይናሚድ የተባለ ሌላ ምት አስተካካይ መድኃኒት ቀድሞላቸው ካልሠራ ኮረንቲ ከተጨመረላቸው 96%፣ በቀጥታ ኮረንቲ ከተሰጣቸው 92% ምታቸው ተስተካከለ። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። መድኃኒት ከቀደመላቸው ግማሽ ያህሉ ኮረንቲ አላስፈለጋቸውም። ግፊቱ ለወረደ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምርጫ የለም፤ ኮረንቲ ነው።

«ዛሬውኑ ካልተስተካከለ አንወጣም» የሚል ቤተሰብም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ከተረጋጉና የልብ ፍጥነት መቀነሻ መድኃኒት ብቻ ከተሰጣቸው ሕመምተኞች 69% ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ በራሳቸው ተመልሰዋል። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ካለ ችላ አላላችሁም።

ምቱ ሲመለስ «ዳንኩ» ብሎ ማቅጠኛ ማቆም ደግሞ ጉድ ነው! አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ለአንዳንዱ ዕድሜ ልክ። በእኛ አገር ብዙ ወጣት በሩማቲክ በሽታ የጠበበ የልብ ቫልቭ ይዞ ይኖራል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው፤ አይኤንአሩም (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካው የደም ምርመራ) ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ ቢያዳክምም አልተከለከለም። ችግሩ ጾም ሲገባ በየቀኑ፣ ሲፈታ ጭራሽ አለመብላት ነው። የሚበሉትን የጎመን መጠን አያለዋውጡ፤ ለወገብ ሕመም ብለውም ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) አይግዙ፣ ከማቅጠኛው ጋር ያደማል።