የአሳማ ጎድን በከሰል፣ ከኮክ ሶስ ጋር

የአሳማ ጎድን ከሰል ላይ የሚበላሸው ባብዛኛው እሳቱ ሲበዛ ወይም ሶሱ ቀድሞ ሲቀባ ነው። አሳማ የማይበላ ቤት በዚሁ አካሄድ የበግ ጎድን ይሥራ፤ ቶሎ ስለሚበስል እሳት ላይ 3 ሰዓት ከቆየ ጀምሮ ይፈትሹት።

አሜሪካ ያለ ሰው ሥጋ ቤት ሄዶ «ሴንት ሉዊስ» የሚባለውን አቆራረጥ ይጠይቅ። ጫፉ ተስተካክሎ የተቆረጠ፣ ስብ ያለው ጎድን ስለሆነ ረጅም ሰዓት ይችላል። «ቤቢ ባክ» የሚባለው፣ ከጀርባ አጥንቱ አጠገብ የሚወጣው አጭር ጎድን፣ ውድ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። 1.3 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጎድን ለ3 ሰው ይበቃል።

በአጥንቱ በኩል ያለውን ስስ ሽፋን ያንሱ። የማንኪያ እጀታ ከሥሩ አስገብተው ጫፉን በወረቀት ፎጣ ይዘው ቢስቡት ተላጦ ይወጣል። ከቀረ እንደ ጎማ ይታኘካል። ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 2 ቡናማ ስኳር፣ 1 ፓፕሪካ እና 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ደባልቀው ይሹት።

ዋናው ነገር እሳቱ ነው። ፍሙን በግሪሉ አንድ ጎን ብቻ ይሰብስቡ፤ ጎድኑ በሌላው ጎን፣ ከሥሩ ውሃ የያዘ ትሪ ተደርጎ ይቀመጥ። ክዳኑ ተዘግቶ ሙቀቱ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ክዳኑ ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ብዙ አይመኑት፤ የሚለካው ከላይ ያለውን አየር እንጂ ሥጋው አጠገብ ያለውን አይደለም። ሙቀቱ ሲጨምር የታችኛውን የአየር ቀዳዳ ያጥብቡ። ከሰል ሲያልቅ ሌላ ቦታ ተቀጣጥሎ ፍም የሆነውን ይጨምሩ፤ ጥሬው ከሰል ወፍራም ነጭ ጭስ እያወጣ ሥጋውን ያመረዋል። ለጭስ የፖም ወይም የኮክ እንጨት ጥሩ ነው። ባህር ዛፍና ጥድ ግን አይሞከርም።

ሥጋው 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሙቀቱ ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። ከላዩ የሚተነው እርጥበት እያቀዘቀዘው ነውና እሳት አይጨምሩ። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ 3 የሾርባ ማንኪያ የፖም ጭማቂ ጠብ አድርገው በፎይል ይጠቅልሉትና ለ1 ሰዓት ተኩል ይመልሱት።

እስከዚያ ሶሱን ይሥሩ። 1 ትንሽ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላልተው 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 4 የበሰሉ ኮኮች (ተልጠው፣ ፍሬያቸው ወጥቶ)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 3 ቡናማ ስኳር፣ 80 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣና ጨው ይጨምሩ። 25 ደቂቃ በዝግታ አብስለው ይፍጩት። የቆርቆሮ ኮክ ከሆነ ሽሮፑን ደፍተው ስኳሩን በግማሽ ይቀንሱ። ኮክ ከጠፋ ማንጎ ይሆናል። ጥሬ አናናስ ወይም ፓፓያ ግን ሥጋው ላይ አያሳድሩ፤ ኢንዛይማቸው ያላሽቀዋል።

ጎድኑ መድረሱን በመቆንጠጫ አንድ ጫፉን አንስተው ይዩ፤ ጎብጦ ላዩ ከተሰነጠቀ በቅቷል። በቴርሞሜትር ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ከላዩ ስር የሚታየው ሮዝ ቀለም የጭሱ ሥራ ስለሆነ ጥሬ ነው ብለው አይመልሱት።

ሶሱ የሚቀባው አሁን፣ ከፎይሉ ከወጣ በኋላ ነው። ስስ አድርገው ቀብተው 10 ደቂቃ፣ ደግመው ቀብተው ሌላ 10 ደቂቃ ይተዉት። ስኳር ስላለበት ቀድሞ ከተቀባ ወይም ፍሙ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ጠቁሮ ይመራል። ለገበታ የሚቀርበውን ሶስ አስቀድመው በሌላ ዕቃ ይለዩ፤ ሥጋ የነካ ብሩሽ አይግባበት። 10 ደቂቃ ካረፈ በኋላ አጥንቱን ወደ ላይ ገልብጠው ይቁረጡ፤ የት እንደሚቆረጥ በደንብ ይታያል።