ካሊፎርኒያ ሶላር ስራ ልትገቡ ነው? የሰዓት ክፍያውን ከመጠየቃችሁ በፊት

ኡበርና ፓርኪንግ የሰለቸው ሁሉ አሁን ሶላር ሶላር እያለ ነው፣ አሪፍ ነው፣ ግን ሁሉም የሚጠይቀው "በሰዓት ስንት ይከፍላሉ" ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን አይነት ፕሮጀክት ላይ ነው የምሰራው የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ያንኑ ፓነል የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች አንዱ የግለሰብ ቤት ጣሪያ ላይ ሌላው የመንግስት ትምህርት ቤት ላይ ስለሆነ ብቻ ደሞዛቸው የትየለሌ ሊራራቅ ይችላል።

ለግምት ያህል የፌደራሉ የሌበር ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2024 ቁጥር (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የሶላር ኢንስታለር መካከለኛ ደሞዝ በአገር አቀፍ 51,860 ዶላር በዓመት ይላል፣ በሰዓት 25 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ኤሌክትሪሻን ግን 62,350። እኔን ከጠየቃችሁኝ በኢንስታለርነት ግቡ፣ እዛው ግን አትቅሩ።

የቤት ጣሪያ ስራ ቶሎ ይቀጥራል፣ ልምድም ብዙ አይጠይቅም፣ ችግሩ ዋስትና የለውም። ስቴቱ በኤፕሪል 2023 ህጉን ቀይሮ አዲስ ደንበኛ ወደ መስመር ለሚመልሰው ኤሌክትሪክ የሚታሰብለትን ክፍያ 75 ፐርሰንት ገደማ ቀነሰው፣ ከዛ ገበያው ቀዘቀዘና ካምፓኒዎች ሰው ማሰናበት ጀመሩ። በዛ ላይ ቤቱ ላይ ሶላር ለሚያስገጥም ሰው ይሰጥ የነበረው የፌደራል 30 ፐርሰንት የታክስ ክሬዲት በ2025 መጨረሻ አለቀ። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ባትሪ ትገጥማላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በአዲሱ ህግ የሚያዋጣው ቀን የመነጨውን አጠራቅሞ ማታ መጠቀም ስለሆነ የባትሪ ዋየሪንግ የሚችል ሰው ይፈለጋል፣ ፓነል ብቻ የሚገጥም ካምፓኒ ከሆነ ግን እኔ ብሆን አልተማመንበትም።

ደህና ብር ያለው ፕሪቬይሊንግ ዌጅ የሚባለው ጋ ነው፣ ማለትም ቀጣሪው እንደፈለገ ሳይሆን ስቴቱ ለየሙያውና ለየካውንቲው የወሰነውን ደሞዝ የሚከፍልበት ስራ። የመንግስት ህንጻዎች ድሮም እዚህ ውስጥ ናቸው፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ኤቢ 2143 በሚባለው ህግ ከነጠላ መኖሪያ ቤት ውጪ ያሉ ከ15 ኪሎዋት በላይ የሆኑ ብዙ የሶላር ፕሮጀክቶች ተጨምረዋል። ተመኑ የስቴቱ ዲፓርትመንት ኦፍ ኢንዱስትሪያል ሪሌሽንስ ዌብሳይት ላይ በነጻ ይገኛል። ግን በየትኛው ሙያ እንደመዘገቧችሁ እዩ፣ ሽቦ እያገናኛችሁ ፔይሮል ላይ ሌበረር (የጉልበት ሰራተኛ) ተብላችሁ ከተጻፋችሁ ብራችሁ እዛው ጋ ነው የሚቀረው።

ከርን፣ ሪቨርሳይድና ኢምፔሪያል ካውንቲ በረሃ ላይ ያሉት ትልልቅ የሶላር ጣቢያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በዩኒየን ነው የሚሰሩት። ከ1 ሜጋዋት በላይ የሆነ ፕሮጀክት ሙሉውን የፌደራል የታክስ ክሬዲት (ከ6 ፐርሰንት ወደ 30) ለማግኘት በፌደራል መንግስት የተወሰነውን ፕሪቬይሊንግ ዌጅ መክፈልና ከስራ ሰዓቱ 15 ፐርሰንቱን በአፕረንቲስ (እየሰራ ሙያውን በሚማር ሰልጣኝ) ማሰራት አለበት፣ ስለዚህ አፕረንቲስ የሚፈልጉት ለራሳቸው ጥቅም ነው። በ2025 የወጣው የፌደራል የታክስ ህግ ግን የዚህንም ክሬዲት ጊዜ አሳጥሮታል። ሙቀቱ፣ ርቀቱ፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ ስራም አብሮ ማለቁ አለ፣ ቤተሰብ ያላችሁ አስቡበት።

እንዴት ይገባል? ምንም ልምድ ከሌላችሁ ኦክላንድ ያለው ግሪድ ኦልተርኔቲቭስ የሚባል ድርጅት ስልጠና ይሰጣል፣ እጃችሁን ማፍታቻ ነው። ኦሻ 10 (የ10 ሰዓት የስራ ደህንነት ስልጠና) ካርድ አውጡ፣ ከቻላችሁ ናብሴፕ የሚባለውን የሶላር ሙያተኞች ፈታኝ ድርጅት የጀማሪ ፈተና ፒቪ አሶሼት ውሰዱ። ዋናው መንገድ ግን የኤሌክትሪሻኖች ዩኒየን የአይ.ቢ.ኢ.ደብሊው አፕረንቲስሺፕ ነው፣ 5 ዓመት ይፈጃል፣ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ፣ መግቢያው የሂሳብና የንባብ ፈተና ሲሆን አልጀብራ መማራችሁን ማሳየት አለባችሁ፣ ስለዚህ የሀገር ቤት ትራንስክሪፕታችሁን ከአሁኑ አስተርጉማችሁ አስገምግሙት።

በዩኒየን ካልገባችሁ የካምፓኒውን ላይሰንስ ከስቴቱ የኮንትራክተሮች ቦርድ ዌብሳይት ላይ አረጋግጡ። ሲ-46 ከሆነ ሶላር ብቻ ነው፣ ሲ-10 ከሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ሲ-10 ጋ ኤሌክትሪክ የሚነካ ሰው ወይ ሰርተፋይድ መሆን ወይ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደ ትሬኒ መመዝገብ አለበት፣ ሳትመዘገቡ አትጀምሩ፣ ለጄኔራል ኤሌክትሪሻን ሰርተፊኬት 8,000 ሰዓት የስራ ልምድ ነው የሚጠየቀው፣ ሰዓታችሁ ሳይቆጠር መሮጥ የለም።

በር እያንኳኩ መሸጥን ብዙም አልመክርም፣ ብዙ ጊዜ ኮሚሽን ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ከዛው ቦርድ የሴልስ ምዝገባ ያስፈልገዋል።

ፔይቼክ ላይ ደግሞ ንቁ። መቼ እንደምትመጡ፣ ምን እንደምትሰሩ እነሱ እየወሰኑ በ1099 (እንደ ግል ኮንትራክተር) እንክፈላችሁ ካሉ እምቢ በሉ፣ በካሊፎርኒያ ህግ እንደዛ የሚሰራ ሰው ተቀጣሪ ነው። ኦቨርታይም እዚህ በሳምንት ብቻ ሳይሆን በቀንም ይቆጠራል፣ ከ8 ሰዓት በላይ አንድ ተኩል፣ ከ12 በላይ እጥፍ። በፓነል ቁጥር ነው የምንከፍለው የሚሉም አሉ፣ ክልክል አይደለም፣ ግን የእረፍት ሰዓታችሁና እቃ እየጠበቃችሁ የቆማችሁበት ለብቻው መከፈል አለበት፣ ጠዋት ያርድ (የካምፓኒው እቃ ማከማቻ ግቢ) ድረስ ኑ ካሏችሁም ከዛ ወደ ሳይቱ የምትሄዱበት ጊዜ ስራ ነው። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ካጎደሉባችሁ ለሌበር ኮሚሽነር ማመልከት በነጻ ነው፣ ጠበቃ የግድ አይደለም፣ የኢሚግሬሽን ወረቀትም አይጠይቁም።