እባካችሁ እናቶቻችንን ትንፋሽ አታስይዟቸው

ባለፈው ቅዳሜ የዮጋ ትንፋሽ ልምምድ ወደማሠራበት ቦታ አንዲት የ71 ዓመት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። «ከኢንተርኔት ባየሁት ቪዲዮ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ልምምዱን አሠራኋት፣ ግን ያዞራታል» አለችኝ ልጅቷ። እስቲ የሚሠሩትን ያሳዩኝ አልኳቸው። እማማ ወንበሩ ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና አየር ስበው ያዙ። ልጅቷ ስልኳን እያየች ትቆጥራለች። 16 ላይ ስትደርስ የእናትየው የአንገት ደም ሥር ተገትሯል፣ ፊታቸው ቀልቷል። አስቆምኳቸው። ግፊት አለብዎት? ስላቸው፣ «መድኃኒት ስወስድ 12 ዓመቴ» አሉ።

ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የዚህ ቀኑ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ትንፋሽ መያዝ በዮጋ ኩምባካ ይባላል። ለዓመታት ተለማምዶ፣ አስተማሪ እያየው የሚሠራ ጤነኛ ሰው ይሥራው፤ ግድ የለኝም። ግፊት ወይም የልብ ችግር ላለባቸው ትልልቅ ሰዎች ግን ጨዋታ አይደለም። ሰው ሳንባውን ሞልቶ፣ ጉሮሮውን ዘግቶ ሲያምጥ ደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ሲለቀው ደግሞ የደም ግፊቱ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ሆድ ድርቀት ያለባቸው ሽማግሌ ሽንት ቤት ውስጥ ሲያምጡ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ የሚሆነውም ከዚህ ብዙም አይለይም። የወጣት ደም ሥር ስለሚለጠጥ ይችለዋል። በዕድሜ የደረቀ ደም ሥር ግን እንደዚያ አይደለም። ታዲያ ምን አስቸኮለን? ምንም ሳይዙ ማስገባትና ማስወጣት ብቻ ይበቃል። በ3 ቆጥረው ያስገቡ፣ በ4 ወይም በ5 ያስወጡ። ልብ ረገብ የሚለው ወደ ውጭ ስንተነፍስ ስለሆነ፣ ማስወጫውን ትንሽ ማስረዘሙ ነው የሚጠቅመው። ቆጠራው ራሱ ካስጨነቃቸው እሱንም ተዉት። እኔ የምለካው በወሬ ነው፦ ልምምዱ እንዳለቀ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያለከልኩ መናገር ካቃታቸው በዝቶባቸዋል ማለት ነው።

ቪዲዮው ቀጥሎ የሚያሳየው ደግሞ ካፓላባቲን ነው፤ ያንን ሆድን ወደ ውስጥ እየመቱ በአፍንጫ ቶሎ ቶሎ ማስወጣት። በሐታ ዮጋ ይህ ከስድስቱ የማጽጃ ልምምዶች አንዱ ነው እንጂ ለማረጋጋት የተሠራ አይደለም። ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም)፣ ቡአ ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሆንም። ሆዱን በቅርብ ኦፕራሲዮን የተደረገም አይሞክረው። አስተማሪ ሆኖ፣ እናቶች ሲያዞራቸው «መርዙ እየወጣ ነው» የሚል ሰምቼ በጣም ተናድጃለሁ። ምንም መርዝ አልወጣም! ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ከደም ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ ያልፋል፣ ያኔ ወደ አንጎል የሚሄዱት ደም ሥሮች ይጠባሉ። ጣትና ከንፈር መንዘርም፣ ማዞርም የሚመጣው ከዚህ ነው። ባዞራቸው ቁጥር ማቆም ነው፤ በራሳቸው መንገድ ይተንፍሱ።

መቀነት! ይህን ለማስተዋል እኔም ወራት ፈጅቶብኛል። አንዲትን እናት «ትከሻዎን ዝቅ፣ በሆድዎ ይተንፍሱ» እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ከረምኩ። ለካ ከነጠላው ሥር ወገባቸውን ጥብቅ አድርገው ታጥቀዋል። ከሳንባ በታች ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ሆድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ሆዱ ከታሰረ ግን የሚንቀሳቀሰው ትከሻ ብቻ ነው። እሳቸው ምንም አላጠፉም፣ ያላየሁት እኔ ነኝ። ዱካ ላይ መቀመጥም እንደዚሁ ሆድን ያጣጥፋል፣ ለመነሣትም ያስቸግራል። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ እግር መሬት ይንካ፣ በቃ። እግር አጣጥፎ መሬት ላይ መቀመጥ ግዴታ አይደለም።

ከሰል በተያያዘበት ቤት «በጥልቀት ይተንፍሱ» አትበሉ። ቡና እየተፈላ፣ ዕጣን እየጨሰ፣ መስኮት ተዘግቶ የሚሠሩ ቤቶች አጋጥመውኛል። ከሰል የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሽታ የለውም። «ንፋስ ይመታኛል» ብለው መስኮት እንዳይከፈት ከፈለጉ ጋቢ ይደርቡና መስኮቱ ይከፈት። ቡናው ከልምምዱ በኋላ ይድረስ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ልጅ ጥየቃ ከርመው ከዋሽንግተን፣ ወይም ከድሬዳዋ የመጡ አባት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቶሎ ቢደክማቸው አይግረማችሁ። ልምምዱን ቀንሱላቸው።

ሲጨርሱ ብድግ አታድርጓቸው። ዓይን ጨፍኖ ተረጋግቶ የቆየ ሰው፣ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ በአንዴ ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። እግራቸውን ያንቀሳቅሱ፣ አንድ ደቂቃ ይቆዩ፣ ወንበር ይዘው ይነሡ። ግፊት መለኪያ ቤት ካላችሁ ጋደም ብለው አንዴ፣ ቆመው አንዴ ለኩላቸው። በቆሙ 3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ ሐኪማቸው ማወቅ አለበት።

ሜዲቴሽን (በጽሞና መቀመጥ) ላይ ደግሞ እስካሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። በጀማሪነቴ ሁሉንም ሰው «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ምንም አታስቡ» እል ነበር። አንድ ቀን ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልጃቸውን ከቀበሩ ዓመት አልሞላቸውም። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የመጣው እሱ ነው። ብቻውን የሚውል፣ ልጆቹ ሁሉ ውጭ ያሉ ሰው ዝምታ ሳያገኝ ቀርቶ አይደለም፤ ዝምታው በዝቶበት ነው የሚመጣው። አሁን ዓይን መጨፈን በፈቃድ ነው። ያልፈለገ መስኮቱን ወይም እጁን ያያል፣ የእግሩን መዳፍ መሬቱ ላይ ያዳምጣል። ሐሳብ ሲመጣም ይምጣ። ሲጀመር 5 ደቂቃ ይበቃል። እንቅልፍ ከወሰዳቸው አትቀስቅሷቸው፣ እንዳይወድቁ ብቻ ተጠጉ።

በሂንዱ እምነት ቅዱስ የሆነውን «ኦም» የሚል ድምፅ በሉ ብላችሁ አታስጨንቋቸው። የእምነት ጉዳይ ነው፤ ትንፋሹ ያለ ቃል ይሠራል። «ጸሎትዎም እኮ ሜዲቴሽን ነው» ማለትም አይመቸኝም። አንድ ወጣት አስተማሪ እንዲህ ሲላቸው አንድ አባት መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ፣ አልተመለሱም። ለእሳቸው ጸሎት ከፈጣሪ ጋር መነጋገር ነው እንጂ ጭንቀት ማስታገሻ አይደለም።

ግፊቱ ወረደ ብሎ ኪኒን ማቋረጥ ፈጽሞ አይሆንም። የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪሙ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ለመጡት እማማ የሰጠኋቸው ብራማሪን ነው፤ በሳንስክሪት የንብ ማለት ነው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ አፍ ገጥሞ «እምምም» እያሉ ማስወጣት። ጆሮ በጣት ይደፈን ይላሉ፤ ትከሻቸውን ስለሚያማቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥን። አንዴ ሞከሩና ፈገግ አሉ። «ይሄማ እሹሩሩ ነው» አሉኝ። «አምስት ልጅ ያሳደግሁበት።» ስድስት ጊዜ ደጋገሙት። ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አጠገባቸው ቁጭ አለችና እሷም አብራ ማዜም ጀመረች።