ቤታችሁ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ካለ፦ ወላጅ ከመስከረም እስከ መስከረም ምን ይሥራ?

መጀመሪያ ቁጥሩን እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ ሆኑ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። እየተሻሻለ ነው፣ ደስ ይላል። ግን አሁንም ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ አይገባም።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። እዚህ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ ብዙው ወላጅ ዓመቱን «የኔ ልጅማ ይገባል» ብሎ ነው የሚጀምረው። ውጤቱ ሲመጣ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ማንም ስለ ሌላ መንገድ አስቦ አያውቅማ። ወላጅ ለልጁ አይፈተንለትም። ጊዜውን ሊያስከብርለት፣ ወረቀቱን ሊያሟላለት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለተኛውን መንገድ ውጤት ሳይወጣ ሊያዘጋጅለት ግን ይችላል።

1. ስሙን ከወዲሁ አስተካክሉ

መስከረም ላይ ሰነዶቹን በሙሉ አውጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የ9ኛ፣ 10ኛና 11ኛ ክፍል ውጤት፣ የልደት ካርድ፣ ፋይዳ። የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። «ተሰማ» አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ተጽፎ ይገኛል። «ወልደ ማርያም» አንዱ ጋ ሙሉ፣ ሌላው ጋ በአጭሩ ነው። አሁን ስታዩት ቀላል ነገር ይመስላል። ኋላ ግን ውጤት ከመጣ በኋላ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን አዲስ አበባ ያመላልሳል።

ትምህርት ቤቱ ለፈተናው ሲመዘግብ ልጁ የተሞላውን ቅጽ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ። ስም፣ ጾታ፣ ናቹራል ወይስ ሶሻል፣ ፎቶ። የማየት ወይም የመስማት ችግር ካለበት ያኔ ይመዝገብ። የፈተና ቀን ማመልከት አያዋጣም።

2. ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ብዙ ወላጅ የሚናደደውም፣ ብዙ ልጅ ተስፋ የሚቆርጠውም ይህን ሒሳብ ባለመሥራት ነው።

ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው። እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ ሁሉም ይፈተናል። ናቹራል የሆነ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨመርበታል። ሶሻል የሆነ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ። ግማሹ 300 ነው። የሚታየውም ድምሩ ነው።

አንዲት የናቹራል ተማሪ በሞዴል ፈተና እንግሊዝኛ 54፣ ሒሳብ 36፣ አፕቲቲዩድ 47፣ ፊዚክስ 39፣ ኬሚስትሪ 48፣ ባዮሎጂ 58 አመጣች እንበል። ድምሩ 282። አባት ካርዱን አይቶ መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል፤ «ሒሳብ ምንድን ነው 36?» ልጅቷ ታቀረቅራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ላይ ትጣበቃለች፣ የሚመጣው ለውጥ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄው ሌላ መሆን ነበረበት። የጎደላት 18 ነጥብ ነው፤ 18 ነጥብ ከየት ይገኛል? አፕቲቲዩድ ክፍል ውስጥ እንደ ሌላው ትምህርት ስለማይሰጥ ብዙ ተማሪ ይረሳዋል። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በሰዓት እየሠራች ብትለማመድ 8 ነጥብ መጨመር ይቻላታል። እንግሊዝኛ ላይ 6፣ ኬሚስትሪ ላይ 6 ብትጨምር 302 ገባች። ሒሳቡ 36 እንደሆነ ቢቀር እንኳ!

ይህን ለመሥራት ወላጅ የተማረ መሆን የለበትም። ደብተር፣ እስክሪብቶና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል። ሞዴል ፈተና በተሰጠ ቁጥር ስድስቱን ቁጥር ጻፉ፣ ደምሩ፣ ከ300 ጋር አነጻጽሩ። «በርቺ» ብቻ ከማለት «ከባለፈው 9 ነጥብ ጨምረሻል፣ አሁን አፕቲቲዩዱን እንግፋበት» ማለት በጣም ይለያል። ልጅም የምትሰማው ይህንኛውን ነው።

እንግሊዝኛን አትናቁ። የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ካልገባው የሚያውቀውንም ይስታል።

3. ጊዜ ስጡት

ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ብዙ አለን። ዓርብ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ለስንቅ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ቅዳሜ ቤት ሲያግዝ ይውላል፣ እሑድ እንጀራውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። ሰኞ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። በዚህ መንገድ የዓመቱ ቅዳሜና እሑድ በሙሉ ይሄዳል። 12ኛ ክፍል ሲደርስ ስንቁ ወደ እሱ ይሂድ። ገበያ የሚወጣ የቤተሰብ ሰው ያድርስለት፣ ወይም ጎረቤት ለጎረቤት ተራ ግቡ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ አብዝታችሁ ላኩ፤ ውሎ አድሮ አይበላሽም።

ደጋው ላይ ደግሞ የበልግ ነገር አለ። የበልግ ገብስ የሚታጨደው ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ፈተናውም በቅርብ ዓመታት እዚያው ወቅት ላይ ነው የወደቀው። «አንድ ሳምንት ብቻ ያግዘኝ» የምትለዋ ሳምንት እጅግ ውድ ናት። ደቦውን ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

የሴት ልጅ ነገር ለብቻው ይታይ። ወንድሟ ሲያጠና እሷ ቡና የምታፈላ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር ከሆነ እኩል አልተፈተኑም። እናቶች፣ ይህን የምታስተካክሉት እናንተው ናችሁ።

ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። የእናንተ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ የዘለላቸውን ምዕራፎች ከመምህሩ ጋር ሆኖ በዝርዝር ይጻፍ። ትምህርቱ መቋረጡ የልጁ ስንፍና አይደለም፣ ይህንን በአፋችሁ ንገሩት።

4. የፈተናው ሳምንት

ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እየተሰጠ ነው። ኋላ ላይ በኮምፒውተር የሚሰጠውም ተጨምሯል። ልጃችሁ የት፣ በየትኛው ዙር፣ በወረቀት ወይስ በኮምፒውተር እንደሚፈተን ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። በኮምፒውተር ከሆነ ማውስ መያዝና ገጽ መቀየር አስቀድሞ ይለማመድ።

ከሸዋ ሮቢት ወይም ከኤፍራታ ቆላ ተነስቶ በሐምሌ ደብረ ብርሃን የሚያድር ልጅ ብርዱን አያውቀውም። ጣርማ በርን አልፎ ሲወጣ አየሩ ሌላ ነው። ጋቢ፣ ሹራብና ካልሲ አስይዙት። ለሴቶች ሞዴስ አይረሳ። መድኃኒት የሚወስድ ካለ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ይያዝ። ሞባይል፣ ስማርት ሰዓት፣ ሀብል፣ የጆሮ ጌጥ ቤት ይቅሩ፤ በር ላይ ይከለከላሉ።

«የፈተናውን መልስ እንልካለን» የሚል የቴሌግራም ቻናል ሁሉ ገንዘብ ፈላጊ ነው። ልጁ ፈተናውን ሊያጣ የሚችለውም እንዲህ ባለው ነገር ነው።

5. ሁለተኛውን መንገድ አሁን አውሩት

ፈተናው አልቆ ውጤት እስኪወጣ ያለው ጊዜ ለዚህ የተመቸ ነው። ልጁን አስቀምጡና በግልጽ ንገሩት፦ «300 ካመጣህ ይህ፣ ካላመጣህ ደግሞ ይህ ይህ አለ። በየትኛውም ልጄ ነህ።» አባት ይህን በቃሉ ሲናገር ትልቅ ሸክም ይወርዳል። «እሱማ ያውቀዋል» አትበሉ፣ አያውቀውም።

መንገዶቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛው ሬሜዲያል ነው። 50 በመቶ ላላመጡ፣ ግን ለተጠጉ ተማሪዎች የተከፈተ የአቅም ማሻሻያ ነው። መቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያወጣል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጠው ምዘና ከ30፣ በማዕከል የሚዘጋጀው ፈተና ከ70 ይያዛል፤ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ፍሬሽማን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ይገባል። በቀጥታ ባይመደብ በክፍያ በግል ተቋም መማርም አለ። ሁለተኛው በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ዳግም መፈተን ነው። ሦስተኛው ሙያ ነው፤ የደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም በየወረዳው ያሉ ተቋማትም አሉ። ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ አውቶሞቲቭ የተማረ ልጅ ሥራ የማግኘት ዕድሉ ከብዙ ዲግሪ ያንሳል ብዬ አላምንም። ደብረ ብርሃን ከተማ ዙሪያ የሚሠሩትን ፋብሪካዎች እዩ።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮግራሙ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ከ2015 ጀምሮ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ስለዚህ «ካቻምና ካስፈተናችኋቸው ስንቱ አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ ላይ በሬ ሸጣችሁ አትክፈሉ።

6. ውጤት የወጣ ዕለት

ውጤቱ በቅርብ ዓመታት የወጣው በአዲስ ዓመት ሰሞን ነው። ዘመድ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። አጎት፣ አክስት፣ የክርስትና አባት፣ ሁሉም ሲገባ «ስንት አመጣህ?» ይላል። ክፋት የለበትም፣ ግን ያቆስላል።

መልሱን እናንተ ያዙት። «ጋሼ፣ ውጤቱን እኛ እናወራዎታለን፣ አሁን ቡናው ይጠጣ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ልጁ ፊት «የእነ እከሌ ልጅ 400 አመጣች» የሚለው ወሬ አይነሳ። ልጁ ምግብ ከተወ፣ ከሰው ከሸሸ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ካለ ቀልድ አድርጋችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፣ የሚወደውን ሰው ጥሩለት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

ውጤቱ ስህተት ይመስላል? ፈተናውን በሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ድረ ገጽ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ ቀኑ አጭር ነውና አትዘግዩ። «ውጤት አስተካክላለሁ»፣ «ምደባ አስቀይራለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ግን በሩን ዝጉ።

7. የዩኒቨርሲቲ ምርጫ

ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል በኦንላይን ይሞላል። የይለፍ ቃሉን ኢንተርኔት ቤት ሰጥታችሁ «ሙላልን» አትበሉ። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሱ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 የተከፈተ፣ አስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ያለው ተቋም ነው። ቅርብ ነው፣ ግን አጠገቡ መኖር ብቻውን አያስመድብም። ስለዚህ ከሁለተኛው ምርጫ በታች ያሉትንም በደንብ አስቡባቸው፤ መንገዱ፣ ጸጥታው፣ የሚሰጡት የትምህርት ዘርፍ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ስለሆነ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ ማስታወቂያውን ለብቻው ተከታተሉ። ከባድ የጤና ችግር ያለበት ልጅ ካላችሁ የሐኪም ቦርድ ማስረጃውን ቀድማችሁ አውጡ።

8. ስትሸኙት

ዋናው ሰነድ ከነኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ይህን ዩኒቨርሲቲው በጥሪ ማስታወቂያው ይዘረዝረዋል። የመንዝ ባና ያላችሁ አስይዙት። ወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ይፈርማል፤ የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፣ አሁን ገንዘብ አያስፈልገውም።

ትምህርት ክፍል የሚመደበው ግን ፍሬሽማን ላይ በሚያመጣው ውጤትም ጭምር ነው። ሕክምና ወይም ምሕንድስና የሚፈልግ ልጅ ፉክክሩ ግቢ ከገባ በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ለሰርግም፣ ለተዝካርም፣ ለሩቅ ዘመድ ለቅሶም «ና» ብላችሁ አትደውሉለት።