«በሁለት እጥፍ ቀነሰ» አትበሉ፦ እጥፍና እጅ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ዜና ማረም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከፊደል ግድፈት ይልቅ የሚያደክሙኝ ሁለት ቃላት ናቸው፦ «እጥፍ» እና «እጅ»። ሁለቱም መጠን ይናገራሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

«በሁለት እጥፍ ቀነሰ»

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። «አደጋው በሦስት እጥፍ ቀንሷል።» «ወጪያችን በአምስት እጥፍ ቀነሰ።» እስቲ እናስላው። 100 ኩንታል ነበረ እንበል። የ100 ሁለት እጥፍ 200 ነው። ከ100 ላይ 200 እንዴት ይቀነሳል? ሙሉውን 100 ካነሳህ ጎተራው ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነሳ ነገር የለም። ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ግማሽ ሆነ» ነው። ታዲያ ግማሽ ማለት ምን ይከብዳል? ለሚያንስ ነገር አማርኛ ቃል አላጣም። እኩሌታ አለ፣ ሲሶ አለ፣ ሩብ አለ፣ አንድ አምስተኛ አለ። «እጥፍ» የሚያድግ ነገር ቃል ነው። እባካችሁ «ቀነሰ» ከሚለው አጠገብ አታስቀምጡት።

እኔም አሳልፌዋለሁ። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ ወሎን ሲያጠቃ አንድ ወጣት ዘጋቢያችን ለአንድ አዛውንት ገበሬ ስልክ ደወለ። እሳቸውም «ከማሽላው ሁለት እጁን አንበጣ በላው» አሉት። ልጁ ማስታወሻው ላይ «2 እጅ» ብሎ ጻፈ። ዜናው ላይ ሲደርስ «ምርታቸው በሁለት እጥፍ ቀነሰ» ሆነ። እኔ አረምኩት፤ ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ ለቀቅኩት። በማግስቱ ገበሬው መልሰው ደወሉ። «ልጄ፣ ምንም አልተረፈም አላልኩህም። ሲሶው ተርፎልኛል» አሉት። ማሽላቸው 9 ኩንታል ይጠበቅ ነበር። 6ቱ ሄደ፣ 3ቱ ቀረ። የሰውየው ንግግር አንዲት ስህተት አልነበረበትም። ያበላሸነው እኛ ነን።

«ሁለት እጁ» ማለት እጥፍ አይደለም

«ሁለት እጁ» ከሦስት ሁለቱ ማለት ነው። ሙሉው ነገር ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ የቀረችው አንዷ እጅ ሳትጠራ ትታወቃለች። «ሦስት እጁ» ሲሉም ከአራት ሦስቱን ነው። «ከመቶ እጅ አምስቱ» ሲባል ደግሞ 5 በመቶ። እዚህ ሁሉ ላይ እጅ ድርሻ ነው፤ ከሙሉው አይበልጥም። ችግሩ «ከእሱ ሦስት እጅ ይበልጣል» ስንልም ይኸው ቃል በእጥፍ ትርጉም መምጣቱ ነው። ያን ጊዜ የሚለየው «ይበልጣል» የሚለው ግስ ነውና ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ጀማሪዎችን በዚህ አልቆጣም። ከተማ ያደገ ልጅ «ሁለት እጁ» ሲባል የት ይሰማል? ሲሰማ ግን ይጠይቅ።

«በሁለት እጥፍ ጨመረ»

የቤት ኪራይህ 5 ሺህ ብር ነበር። አከራይህ «በሁለት እጥፍ ጨምሬዋለሁ» ቢልህ ስንት ትከፍላለህ? አንዱ 10 ሺህ ይላል። ሌላው 5 ሺው ላይ 10 ሺህ ተጨምሮ 15 ሺህ ይላል። ሁለቱም የሚያሳምን ነገር አላቸው። «እጥፍ» ከማጠፍ የመጣ ነው። ነጠላ አንዴ ሲታጠፍ ድርብ ይሆናል። ስለዚህ «እጥፍ ሆነ» ብቻውን ሁለት ማለት ነው፤ ቁጥር አይፈልግም። ሁለቴ ከታጠፈ ደግሞ አራት ድርብ ነው። «ሁለት እጥፍ» ብሎ አራት የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም። እኔ የምመክረው «በ...እጥፍ ጨመረ» የሚለውን ትቶ «ሦስት እጥፍ ሆነ» ማለት ነው። «ሆነ» የደረሰበትን ይናገራል፤ «ጨመረ» የተደረበውን። ከዚያ የተሻለው ሁለቱንም ቁጥር መጻፍ ነው፦ ከ5 ሺህ ወደ 15 ሺህ።

«እጥፍ ድርብ» ሒሳብ አይደለም። «በጣም ብዙ» ለማለት ነው፤ ሪፖርት ውስጥ አይግባ።

ሲሶን ሩብ ማድረግም ሌላው ስህተት ነው። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን የሰማ አይስትም። ሦስት ሲሶ አንድ ሙሉ ነው።

የጨመረውና የወረደው በመቶ አንድ ይመስላል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57.48 ብር ወደ 74.73 ብር ወጣ። ዶላር በ30 በመቶ ጨመረ። ልክ ነው። ብዙዎች ግን «ብር በ30 በመቶ ወረደ» አሉ። አይደለም፤ 23 በመቶ ገደማ ነው። 100 ብር ቀድሞ 1.74 ዶላር ይገዛ ነበር፤ ያን ቀን 1.34 ገዛ። ከፍ ያለው ሲቆጠር መነሻው 57.48 ነው፤ የወረደው ሲቆጠር መነሻው 1.74 ነው። መነሻው ሲለወጥ በመቶውም ይለወጣል።

አሁን ዘጋቢዎቻችን «እጅ» ወይም «እጥፍ» የሚል ቃል ከሰሙ ስልኩን ሳይዘጉ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ «ስንት ነበር? ስንት ቀረ?» የሰውየውን ቃል እንዳለ ይጽፉታል፤ ቁጥሩን አጠገቡ ያስቀምጡታል። «ሁለት እጁን አንበጣ በላው፤ ከ9 ኩንታል 6ቱን።»