የግፍ ማስረጃ አያያዝ፦ ከስልክ እስከ ዐቃቤ ሕግ

ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ፍርዱን እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2012 ሕፃናትን ለውትድርና በመመልመል በተከሰሰው በኮንጎው የታጣቂዎች መሪ በቶማስ ሉባንጋ ላይ ሲሰጥ፣ «ሕፃናት ወታደሮች ነበርን» ብለው የቀረቡትን ምስክሮች ቃል ሳይቀበል ቀረ። ዐቃቤ ሕጉ ምስክር የመፈለጉን ሥራ ለአገናኞች ትቶት ነበር፤ ከአገናኞቹ አንዳንዶቹ ምስክሮችን ሐሰት እንዲናገሩ ሳያግባቡ እንዳልቀረ ዳኞቹ ገመቱ። ሉባንጋ ግን ነፃ አልወጣም። ከ15 ዓመት በታች መሆናቸው በዓይን የሚለይ ልጆችን በጠባቂዎቹ መካከል የሚያሳይ ቪዲዮ ነበርና ተፈረደበት።

ይህ መመሪያ መርማሪ ላልሆኑ ሰዎች ነው፦ የሆነውን በስልኩ ለቀረፀ፣ ከአገር ቤት በየቀኑ ፎቶ ለሚላክለት የውጭ አገር ነዋሪ፣ የሟቾችን ስም ለሚመዘግብ የዕድር ጸሐፊ። ሥራችሁ ያለውን ሳትነኩ ጠብቃችሁ ለሚመረምረው ማስረከብ ነው። እጅግ ብዙ ማስረጃ የሚበላሸው በቅን ሰዎች እጅ ስለሆነ ጥንቃቄው ከራስ ይጀምራል።

ፋይሉ

ቪዲዮ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቃል፤ መቼ፣ የትና በምን ስልክ እንደተቀረፀ የሚናገረው የተደበቀ መረጃም አብሮ ይጠፋል። በሰው በሰው የደረሳችሁ ከሆነ ወደ ኋላ እየጠየቃችሁ ቀራጩን አግኙት። የመጀመሪያውን ፋይል በኬብል ወደ ኮምፒውተር ይገልብጥ፤ መገናኘት ካልተቻለ «ፋይል» ወይም «ዶኪዩመንት» በሚለው በኩል ይላከው። ከስልኩም እንዳያጠፋው ንገሩት። ፍተሻ የሚያሰጋው ከሆነ ግን ሕይወቱ ይቀድማል፤ ቅጂው በደህና መድረሱ እንደተረጋገጠ ያጥፋው።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፦ አንዱ የማይከፈት፣ አንዱ በሌላ ከተማ ወይም አገር የሚቀመጥ፣ አንዱ የምትሠሩበት። መቁረጥ፣ ማጉላት፣ ፊት መሸፈን የሚፈቀደው በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ፋይሉ በገባበት ቀን ሃሹን፣ ማለትም እንደ ጣት አሻራ የሚለየውን ምልክት፣ አውጡለት። ሻ-256 የሚባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያወጣል፤ ከፋይሉ ቅንጣት ብትለወጥ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ይህን የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ከዓመታት በኋላ የተከሳሽ ጠበቃ «ተነካክቷል» ሲል የምትመልሱለት በዚህ ነው።

ፌስቡክና ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ነገ ታገኙት ይሆናል ብላችሁ አትተዉት፤ ድርጅቶቹ የግድያ ምስሎችን ያጠፋሉ። አድራሻውን፣ የለጠፈውን ገጽ ስም፣ ቀኑንና ከሥሩ ያሉትን አስተያየቶች ጭምር አስቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሊቢያዊው የጦር አዛዥ ማሕሙድ አል ወርፋሊ ላይ ይኸው የሄግ ፍርድ ቤት ያወጣው የእስር ማዘዣ በአብዛኛው የቆመው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በተለቀቁ የግድያ ቪዲዮዎች ላይ ነበር።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ፋይል ወይም ዕቃ አንድ መስመር፦ መለያ ቁጥር፣ ማን ለማን መቼና የት እንዳስረከበ፣ በምን መንገድ እንደመጣ፣ ሃሹ። እጅ በተለዋወጠ ቁጥር አዲስ መስመር ይጨመራል። ስም የያዘው ዝርዝር ለብቻው፣ በሌላ ቦታና በሌላ የይለፍ ቃል ይቀመጥ፤ በሌላው ሁሉ ላይ የሚጻፈው «ምስክር 14» ብቻ ነው።

የእኛ ሰዎች መዝገብ በብዛት የሚሰናከለው በሰዓትና በቀን ነው። ምስክሩ «ዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲል፣ ስልኩ የሚያሳየው ቅዳሜ 2:00 ነው። ተርጓሚው ዓርብ 8:00 ብሎ ከጻፈ ጥቃቱ ወደ ዓርብ ጠዋት ይዛወርና ምስክሩና ቪዲዮው የሚጣሉ ይመስላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ሰውየው እንዳለው ጻፉ፤ ቀጥሎ «ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው?» ብላችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ የፈረንጁን ቀንና ሰዓት ከጎኑ አስፍሩ። ዓመተ ምሕረቱም የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይባል አይታለፍ። ስም እስከ አያት፣ በፊደላችን ይጻፍ፤ በላቲን ሲጻፍ አንድ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። የቀበሌ ቁጥር ይቀየራል፣ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ወንዙንና ድልድዩን ጥቀሱ፤ ጂፒኤስ ካለ ይጨመር።

ቦታው ላይ

መጀመሪያ ከሩቅ፣ ተራራው ወይም የታወቀው ሕንፃ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅረፁ። ሳታቋርጡ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን አዙሩ፤ ከዚያ ቅረቡ። እያንዳንዱ ዕይታ ቢያንስ 10 ሰከንድ ይቆይ። በአጠገቡ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አድርጉ፣ መጠኑ እንዲለይ። ቀለሃ ካለ ባለበት አንሱት፤ በግርጌው የተቀረፁት ቁጥሮች ይነበቡ፣ እናንተ ግን አትንኩት። መቃብር ፈጽሞ አይቆፈር። አፅሙ ከተቀላቀለ ማን ምን ሆኖ እንደሞተ መለየት እጅግ ይከብዳል፤ ቤተሰብም የራሱን ሰው ሳያገኝ ይቀራል።

ምስክሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማንም፤ እኛ ግን ሙሉ ቃል አትቀበሉ እንላለን። አንድ ሰው ለጋዜጠኛ፣ ለማኅበርና ለመርማሪ ሦስት ጊዜ ሲናገር ሦስት ትንሽ የተለያየ ቃል ይኖራል፤ ልዩነቱ የተፈጥሮ ቢሆንም የተከሳሽ ጠበቃ ምስክሩን የሚያፋጥጠው በእሱ ነው። እናንተ የምትጽፉት ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚገኝ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር፣ በጥቅሉ ምን፣ የትና መቼ እንዳየ፣ ምን እንደሚያሰጋው ነው። «ወታደሮቹ ነበሩ የገደሉት?» መሪ ጥያቄ ነው፤ «ማንን አየህ?» በሉ። ራሱ ያየውን ከሰማው ለዩ። ምስክሮችን በአንድ ላይ አታነጋግሩ። ከመጓጓዣ ያለፈ ገንዘብ አትስጡ፤ ቪዛም አትናገሩ። ስሙ ፈጽሞ አይወጣም ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ዐቃቤ ሕግ የያዘው ለተከሳሽ ሊገለጽ ይችላል።

ፈቃድ በየደረጃው ይጠየቃል፦ እንድናስቀምጠው፣ ለዐቃቤ ሕግ እንድናስተላልፍ፣ ለሕዝብ እንድናወጣ። የመጀመሪያውን የፈቀደ ሦስተኛውን ፈቅዷል ማለት አይቻልም። ሕፃናትን አትጠይቁ። የተደፈረችን ሴት ዝርዝር አትጠይቋት፤ ሐኪም ታግኝ። ኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና ከማንኛውም መዝገብ ይህ ይቀድማል።

ማን አዘዘ

ግድያው መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃ ብዙውን ጊዜ ሞልቷል። የሚጎድለው ከጥይቱ እስከ አዛዡ ያለው ሰንሰለት ነው። የሄጉን ፍርድ ቤት ባቋቋመው በሮም ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት አዛዥ የበታቾቹን ወንጀል እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ካልከለከለ ወይም ካላስቀጣ ይጠየቃል። ስለዚህ የደንብ ልብስ ምልክት፣ የመኪና ታርጋ፣ የሬዲዮ ንግግር፣ የስም ጥሪ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከአስከሬን ፎቶ ያነሰ ዋጋ አትስጡት። ወረቀት ሲገኝ አራቱም ማዕዘን እንዲታይ ፊቱንም ጀርባውንም አንሱ። በደርግ ዘመን በጎጃም 75 እስረኞች እንዲገደሉ በማዘዙ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ሄግ ላይ በኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ በተፈረደበት በእሸቱ ዓለሙ ጉዳይ ፊርማ ያለባቸው የዘመኑ ወረቀቶች ከማስረጃዎቹ መካከል ነበሩ፤ ወረቀቱ ወደ 40 ዓመት ቆይቷል። ተጠርጣሪውን የሚጠቅም ካገኛችሁም አብሮ ይቀመጥ፤ ዐቃቤ ሕጉ ሁለቱንም ወገን የመመርመር ግዴታ አለበት።

ወዴት ይሰጣል

ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። በመሆኑም በዚህ ምድር ለተፈጸመ ወንጀል የሄጉ ፍርድ ቤት በሩ ጠባብ ነው፦ የጸጥታው ምክር ቤት ካልመራው፣ መንግሥት ሥልጣኑን በመግለጫ ካልተቀበለ ወይም ተጠርጣሪው የአባል አገር ዜጋ ካልሆነ አያየውም። ከሐምሌ 1 ቀን 2002 (እ.ኤ.አ.) በፊት የሆነውን ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ሰፊው መንገድ ተጠርጣሪው የሚኖርበት አገር ነው። ጀርመን፣ ስዊድንና ኔዘርላንድ የጦር ወንጀል የሚመረምሩ የፖሊስ ክፍሎች አሏቸው። በጀርመን ኮብሌንዝ የሶሪያው ኮሎኔል አንዋር ራስላን እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። አሜሪካ ብዙ ጊዜ በኢሚግሬሽን ማጭበርበር ትከሳለች፤ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረው ከፈለኝ ዓለሙ በዴንቨር 22 ዓመት የተፈረደበት ዜግነት ሲወስድ በመዋሸቱ ነበር። በአገር ውስጥም በር ዝግ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም።

ስታስረክቡ መጀመሪያ አጭር ማጠቃለያ ላኩ፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ፋይሎቹ የሚከተሉት ሲጠየቁ ነው። የተረካቢውን ስም፣ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ተቀብላችሁ በራሳችሁ መዝገብ የመጨረሻ መስመር ላይ አስፍሩ፤ የመጀመሪያው ፋይል ያለበት ስልክም ዐቃቤ ሕጉ አያስፈልገኝም እስኪል ድረስ አይሸጥ፣ አይታደስ።