ከሥራ ሲለቁ የሕክምና ሽፋንዎ እንዳይቋረጥ

አሠሪዎ በኢንሹራንስ ያሳክምዎ ከነበረ ሽፋኑ ከሥራ ውሉ ጋር ያበቃል። ብዙ ሰው ግን የስንብት ደብዳቤው እጁ እንደገባ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ እንደ አገልግሎቱ ከ1 እስከ 3 ወር ነው፤ እስከዚያው አሁንም ሠራተኛ ነዎት። የታዘዘ ምርመራ ካለ በእነዚህ ወራት ይጨርሱት። ያልተወራረደ የሕክምና ደረሰኝም ሳይለቁ ያስገቡ፤ ከወጡ በኋላ ጉዳዩን የሚከታተልልዎ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

የሥራ ልምድ ማስረጃ አሠሪው በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። የለቀቁበት ቀን በግልጽ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ቀጣዩ መጠጊያ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ እሱ ደግሞ የተቋቋመው ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። ቀበሌው በደመወዝተኛነት የሚያውቅዎ ከሆነ ያቺ የሥራ ልምድ ወረቀት ታስፈልጋለች። የትዳር ጓደኛዎ መሥሪያ ቤት ቤተሰብ የሚያሳክም ከሆነ ግን መጀመሪያ እዚያ ስምዎን ያስገቡ።

ጎንደር ውስጥ አዘዞም ይኑሩ ማራኪ፣ መነሻው የሚኖሩበት ቀበሌ ነው። መታወቂያና የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ይያዙ። አባል የሚሆነው ቤተሰቡ ነው፤ 18 ዓመት ለሞላቸው ልጆች ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስላልሆነ በለቀቁበት ሳምንት ሄደው መቼ እንደሚዘጋና ሕክምናው ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ይጠይቁ። ያለፈበት ሰው ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። መዋጮው ከአቅም በላይ ከሆነ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ ለቀበሌው ያመልክቱ። የአባልነት ደብተሩን ሲረከቡ ስሙን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ አንዱ ላይ «ፀሐይ»፣ ሌላው ላይ «ጸሃይ» ከተጻፈ ካርድ ክፍል ሊያመላልስዎ ይችላል።

ትልቁ ስህተት በቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሄድ ነው። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ ጉዞው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሪፈር (ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልክበት ወረቀት) ሳይዝ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ከጤና ጣቢያው ከመውጣትዎ በፊት የሪፈር ወረቀቱ ማኅተም፣ ፊርማና ቀን እንዳለው ይዩ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም።

ደብተሩ እስኪደርስ ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ለማንም በነጻ ስለሚሰጡ ቀጠሮዎን አያቋርጡ።